የአባቴ ጡረታ እኔ ነኝ

“ጡረታ” የሚለው ቃል ሲነሳ ዕድሜው ከሠላሳ በታች የሆነ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ስልኩን ያወጣል። ርዕሱ የእነ ጋሼ ነው ብሎ ያስባላ! ከዘራ፣ ጋዜጣ፣ የፀሐይ ዳር ወንበር፣ ያረጀ ኮት። እኔ ደግሞ ዛሬ ልላችሁ የመጣሁት ጡረታ የኛ የወጣቶቹ ጉዳይ ነው፤ እንዲያውም ከእነሱ ይልቅ የኛ ነው። ለምን ቢባል፣ ሂሳቡ ሲመጣ የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሌለ።

ከቃሉ እንጀምር። ጡረታ “ጦረ” ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መጦር የደከመን ወላጅ ማብላት፣ ማልበስ፣ ማሳከም ነው። “ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ” ብለው የሚመርቁን ሽማግሌዎች ስለ መሥሪያ ቤት እያወሩ አይደለም። መዝገብ ቤት ሳይኖረው፣ አዋጅ ሳይወጣለት፣ የጡረታ አድራሻው ልጅ ነበር። መንግሥት ቃሉን ከቤተሰብ የተዋሰው በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ እያዋጡ የሚሄዱበትን ሥርዓት ዘረጋ። በአጭሩ መንግሥት “ልጅህ ባይጦርህ እኔ እጦርሃለሁ” አለ። ትልቅ ቃል ነበር። አንድ ትውልድ ሙሉ “የመንግሥት ሥራ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ጡረታ አለው” እያለ በዚህ ቃል ኖሯል። የግል ድርጅት ሠራተኛው ተመሳሳይ ሕግ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 እንደሆነ ስታስቡ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ለምን ደረቱን ይነፋ እንደነበር ይገባችኋል። ሴት ልጅ ሲያጩ እንኳ “ልጁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው” ማለት ራሱ ጥሎሽ ነበር እኮ!

ዛሬ ግን ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው። ወደ ልጅ። ወደኔና ወደናንተ።

“ምነው፣ ጡረታ ይከፈል የለ እንዴ?” የሚል ይኖራል። ይከፈላል። ስንት እንደሚከፈል ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን የጡረታ አበል ዛሬ ወረቀት ላይ ማስላት ትችላላችሁ? እስቲ አብረን እናስላው፤ ከማኪያቶ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ለሲቪል የመንግሥት ሠራተኛ መዋጮው አሁን ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ነው፤ በድምሩ 18። መውጫው 60 ዓመት ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካዩ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አለቀ።

አሁን ደግሞ ቁጥሩን እናናግረው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። 70ውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ማለትም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ወር ሳያቋርጥ 60 የደረሰ ሰው ብቻ ነው ጣሪያውን የሚያየው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በ23 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢሠራ 63.75 በመቶ ላይ ይቆማል። ትምህርት ያስቀጣል ልበል? ልበል።

“55 በመቶም መጥፎ አይደለም” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ያለው “አማካይ” በምትለው ትንሽ ቃል ውስጥ ነው። ዋጋ በማይንቀሳቀስበት አገር የሦስት ዓመት አማካይና የመጨረሻው ወር ደመወዝ ያው ናቸው። እኛ አገር ግን አይደሉም። ለምሳሌ ያህል አንዲት ሠራተኛ እንውሰድ። ለሁለት ዓመት 7,000 ብር ስትበላ ቆይታ የደመወዝ ማሻሻያ መጣና 12,000 ገባች። እሰየው! በ12,000 ብር አንድ ዓመት ሠርታ 60 ሞላትና ወጣች። የ36 ወሩ አማካይ 12,000 አይደለም፤ 8,667 ነው። የዚህ 55 በመቶ ደግሞ 4,767 ብር ገደማ። ይህቺ ሴትዮ ባለፈው ወር ስትቀበለው ከነበረው ደመወዝ ጋር ብናስተያየው 40 በመቶ እንኳ አልሞላም። ከሷ አንድ ዓመት ቀድማ የወጣች፣ በጠረጴዛ የምትጎራበታት ባልደረባዋ ደግሞ ሦስቱንም ዓመት በ7,000 ብር ከሆነ ያሳለፈችው 3,850 ብር ይደርሳታል። ሁለቱም 30 ዓመት አገልግለዋል። ሁለቱም አንድ ገበያ ነው የሚወጡት። ሽንኩርቱ የማንኛቸውንም የጡረታ መታወቂያ አይጠይቅም።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተጀመረው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለኛ ለጀማሪዎቹ ጥሩ ዜና ነበር። ለ59 ዓመቱ ሰው ግን የማሻሻያው ሙሉ ጥቅም ወደ ጡረታው የሚገባው ሦስት ዓመት በአዲሱ ደመወዝ ቢቀመጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው አንድ ዓመት ነው። ማሻሻያው የመጣው ለምን እንደሆነ አትርሱ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላር በ57 ብር አካባቢ ከነበረበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽቅብ ተተኮሰ፣ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። የደመወዝ ማሻሻያው ከኋላ ሮጦ ሊደርስ የሞከረ ነው። የጡረታ ስሌት ደግሞ ከደመወዙም ኋላ ነው የሚሮጠው።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ደመወዝ ስንል የትኛውን ደመወዝ ነው? ጡረታ የሚታሰበው በመደበኛው የወር ደመወዝ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እውነት አለ፤ ሠራተኛው የሚኖረው በደመወዙ አይደለም። የሚኖረው በውሎ አበል ነው። በቤት አበል፣ በትራንስፖርት አበል፣ በኃላፊነት አበል፣ ሐኪምና ነርስ ከሆነ በዲዩቲ፣ መምህር ከሆነ በማታ ክፍለ ጊዜ፣ ኤክስፐርት ከሆነ አዳማና ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ በሚካሄድ የሦስት ቀን ሥልጠና። (አዳማ ያለ መንግሥት ሥልጠና ምን ትሆን እንደነበር የሚያጠና ሰው እስካሁን አልተገኘም።) ይህ ሁሉ ገንዘብ ኪስ ይገባል፣ አስቤዛ ይሆናል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፍላል። 60 ዓመት በሞላ ማግስት ግን እንዳልነበረ ይሆናል። ያቺ 12,000 ብር ደመወዝ የነበራት ሴትዮ በወር ሌላ 3,000 ብር አበል ታገኝ ከነበረ፣ ቤቷ የሚያውቀው ገቢ 15,000 ነው። ጡረታዋ 4,767 ነው። ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም።

ለዚህ ነው መንግሥትም ሆነ ማንም አሠሪ “ደመወዝ አልጨምርም፣ አበል ግን እጨምርላችኋለሁ” ሲል ማጨብጨብ የማይገባን። አበል ለአሠሪው ርካሽ ነው፤ 11 በመቶ አይታሰብበትም። ለሠራተኛውም ዛሬ ይጣፍጣል፤ 7 በመቶ አይቆረጥበትም። ሁለቱም ተስማምተው ከአንድ ሰው ይሰርቃሉ። ያ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ያለው ራሱ ሠራተኛው ነው። እሱ ደግሞ ስብሰባው ላይ የለም።

ተዋጥቶ የተጠራቀመው ገንዘብስ ምን ሲሠራ ቆየ? የጡረታ ፈንዱ ለረጅም ዓመታት በዋናነት ለመንግሥት በግምጃ ቤት ሰነድ ሲበደር ነው የኖረው፤ ወለዱም ዝቅተኛ ነበር። የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ በጨረታ መወሰን የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የዋጋ ንረቱ ከ40 በመቶ በላይ በወጣበት ጊዜ እንኳ፣ የእናቶቻችን መዋጮ የተኛው እንደዚያ ባለ ወለድ ነው። ሌባ አልገባም፣ ማንም ካዝና አልሰበረም። ገንዘቡ በተቀመጠበት ተነነ።

እንግዲህ የጎደለውን ማን ይሞላል? መልሱን ታውቁታላችሁ። ሕጉም ያውቀዋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ መስጠት የልጅ ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። እኛ አገር ደግሞ ለዚህ ሕግም አያስፈልግም፣ ሐፍረት ይበቃል። ወላጁን ያልጦረ ልጅ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀና ብሎ አይቀመጥም።

መጦርን እየተቃወምኩ አይደለም። አባቴን መጦር ክብሬ ነው። የምቃወመው ይህን ሸክም ማን እንደሚሸከመው ማንም አለማሰቡን ነው። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ተመርቀው፣ አንድ ቢሮ፣ በአንድ ደመወዝ ተቀጠሩ እንበል። የአንዱ አባት ነጋዴ ነው፣ ፎቅ ያከራያል። የሌላዋ እናት 33 ዓመት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። እሱ 11,500ውን ይዞ ዕቁብ ይገባል፣ ማስተርስ ይማራል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሆነ ነገር አለው። እሷ ከደመወዟ ላይ ገና ሳትቀበለው የእናቷ መድኃኒት፣ የእናቷ ቤት ኪራይ፣ የታናሽ ወንድሟ ዩኒፎርም ተነስቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ዕዳ የሌለባት ከሆነ ጎበዝ ናት። የጡረታ አበል በዋጋ ንረት ሲበላ የሚጎዳው ጡረተኛው ብቻ የሚመስለን ለዚህ ነው፤ ልጅቷ አትታይም። የጡረታው ጉድለት ግብር ሆኖ የሚወርደው በድሃ የመንግሥት ሠራተኞች ልጆች ላይ ነው። ያውም ማንም ባላወጀው አዋጅ።

አንድ ብልህ ሰው ተነስቶ “የጡረታ አበል ይጨመር ካልክ ገንዘቡ የሚመጣው ከናንተ ከወጣቶቹ መዋጮ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ያው ነው” ሊለኝ ይችላል። ያው አይደለም። በፈንዱ በኩል ሲከፈል የነጋዴው ልጅም ያዋጣል፣ መሥሪያ ቤቱም ያዋጣል፤ ሸክሙ ይከፋፈላል። በኪስ ሲከፈል ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ብቻዋን ነው የምትከፍለው። ስለዚህ አበሉ የኑሮ ውድነትን ተከትሎ በየጊዜው በቀመር ቢስተካከል፣ አማካዩ ሲወሰድም የድሮው ደመወዝ ከአዲሱ ስኬል ጋር ተስተካክሎ ቢሰላ፣ ለሽማግሌ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ያላቸው አገሮች አሉ፤ አዲስ ፈጠራ አልጠየቅሁም። ገንዘቡ እንደማይበቃ ይነገረናል። ላይበቃ ይችላል። ታዲያ ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እንከራከርበት፤ “የመንግሥት ሥራ ጡረታ አለው” የሚለው ተረት ግን ይብቃ።

መንግሥትን ተናገርን፤ አሁን ወደ ቤት እንግባ። እዚያም ብዙ ጉድ አለ።

የሐበሻ አባት ደመወዙን አይናገርም። የኔ አባት ለምሳሌ ስለ አድዋ፣ ስለ ደርግ፣ ስለ ቡና ገበያ አንድ ቀን ሙሉ ሊያወራ ይችላል። “አባዬ፣ ደመወዝህ ግን ስንት ነው?” ሲባል ሬዲዮ ይከፍታል። እናቴም ለሠላሳ ዓመት የሚሰጣትን የአስቤዛ ብር ነው የምታውቀው። እኛ ልጆች ደግሞ የምናውቀው “የለም” የሚለውን ቃልና “ሲኖር አይቸግርም” የሚለውን ነው። እንዲህ ያለ ቤት 60 ዓመት ሲሞላ የሚሆነው ይታወቃል። አንድ ቀን ሽኝት አለ፣ ጋቢ ይለበሳል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ባልደረባ ንግግር ያደርጋል። ሁለተኛው ወር ላይ የቤት ኪራይ ይደርሳል።

ለዚህ ነው ንግግሩ ከሽኝቱ በፊት መሆን ያለበት የምለው። ልጅ ወላጁን ስለ ገንዘብ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል፤ “ልትወርሰኝ ነው እንዴ በቁሜ?” ያሰኛል። አጠያየቅ አለው። የራሳችሁን ደመወዝ አስቀድማችሁ ተናገሩ። “እኔ ይሄን ያህል አገኛለሁ፣ ለኪራይ ይሄን ያህል ይወጣል፣ በወር ልረዳችሁ የምችለው ይቺን ነው” ብሎ የጀመረ ልጅን የሚቆጣ አባት ብዙም አይገኝም። እኛም እኮ ደሞዛችንን ደብቀን ነው የምንጠይቃቸው! ወንድምና እህት ካላችሁ ደግሞ አብራችሁ ተቀመጡ። የብዙ ቤት ጠብ የሚነሳው ከማጣት ሳይሆን ካለመነጋገር ነው፤ ዓረብ አገር ያለችው እህት ሁሉንም እንድትሸከም በዝምታ ይወሰናል፣ እሷ ደክሟት ስትመለስ ደግሞ “ምን ይዘሽ መጣሽ?” ትባላለች። ሦስት ልጆች ካላችሁና በወር 9,000 ብር ከጎደለ፣ ማን ስንት እንደሚችል ቀድሞ ይታወቅ። እኩል መሆን የለበትም። መታወቅ ነው ያለበት።

ስለ ቁጠባም ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም በየስልካችን የሚመክሩን ሰዎች በዝተዋል። “ገንዘብህን ኢንቨስት አድርግ” ይሉናል። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ አንዱ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ለአንድ ዲግሪ ይዞ 6,940 ብር ለሚበላ ሰው ይህ “ትንሽ ጀምር” የሚባል ነገር አይደለም። ባንክ እናስቀምጥ እንዳንል፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የተወሰነው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው 107,000 ሲያወጣ፣ ዓምና በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130,000 በላይ ሆኖ ጠበቀው። ይህን ቁጥር አይቶ “ሐበሻ ቁጠባ አያውቅም” የሚል ሰው እሱ ራሱ ሒሳብ አያውቅም።

ከኔ ምልከታ፣ የመንግሥት ጡረተኞችን ሁለት ዓይነት የሚያደርጋቸው የጡረታ አበላቸው ልዩነት አይደለም፤ ቤት ነው። በደርግ ጊዜና ከዚያም በኋላ በቤት ሥራ ማኅበር መሬት አግኝተው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ግድግዳው ጭቃም ቢሆን የራሳቸውን ቤት የሠሩ ሠራተኞች፣ ዛሬ ጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አከራይተው ከጡረታቸው የበለጠ ያገኛሉ። የተከራዩት ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሸነፉ፤ አበሉ ሲያንስም፣ ኪራዩ ሲጨምርም። ለኛ ትውልድ ያ መሬት የለም። በምትኩ የተሰጠን ተስፋ ነው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግበው ከደመወዛቸው እየቆረጡ ሲቆጥቡ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ዕጣ ወጣ ተብሎ ብዙም ሳይቆይ ሲሰረዝ ያዩም እነሱ ናቸው። በ1997 ሲመዘገብ 40 ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ ጡረታ ወጥቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለው ግቡ። ከደመወዝ ላይ ስለሚቆረጥ እጅ ሳይነካው ይቀመጣል፤ ከቆጠባችሁት በላይ መበደር ትችላላችሁ፤ ገንዘብ እየረከሰ በሚሄድበት አገር ደግሞ በልኩ ተበድሮ የሚያገለግል ነገር ላይ ማዋል ከመቆጠብ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። በልኩ ነው ያልኩት። ለሠርግ አይደለም። ዕቁብም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ግን ሲወጣላችሁ በዚያው ሳምንት ዕቃ ካልሆነ ዋጋው ይረግፋል። ወላጆቻችሁ የራሳቸው ጓሮ ካላቸው፣ ልጆች ተሰባስባችሁ በየወሩ ከምትልኩት ይልቅ አንድ ክፍል ብትሠሩላቸው፣ ኪራዩ ከናንተ ኪስ ይልቅ የሚታመን ጧሪ ይሆናል። ሥራ ትለቃላችሁ፣ ታገባላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ክፍሉ የትም አይሄድም። ሕክምናን ግን በዚህ አትሸፍኑትም። ሠራተኛውንና ጡረተኛውን ያቅፋል የተባለው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። ስለዚህ ከምታዋጡት ላይ ለሐኪም የሚሆን ለብቻው ይቀመጥ፤ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ወር ጠብቆ ነው የሚያልቀው።

መንግሥት ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ከመንግሥት ወደ ግል ድርጅት ብትሄዱ የአገልግሎት ዘመናችሁ አይጠፋም፤ ሁለቱ ሕጎች አንዱ የሌላውን አገልግሎት እንዲቆጥር ያደርጋሉ። የሚጠፋው ወረቀቱ ነው። መልቀቂያችሁንና የአገልግሎት ማስረጃችሁን ሳትይዙ ከመሥሪያ ቤት አትውጡ። ከ25 ዓመት በኋላ አንድ የተዘጋ ድርጅት ሰው ኃይል ፍለጋ የሚዞር ሰው አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ባለ መነጽር፣ ባለ ፌስታል ናቸው፣ ፌስታሉ ውስጥ ያረጀ ፎቶ ኮፒ አለ።

ወረቀት ካልን ዘንዳ፣ ጡረታን የሚወስነው የልደት ቀን ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ የሞላው ነው። ድሮ ሥራ ለማግኘት ሁለት ሦስት ዓመት ጨምረው የሞሉ አባቶች አሉ፤ ዛሬ “57 ነኝ” ይላሉ፣ ፋይሉ “60 ነዎት” ይላቸዋል። ጋብቻቸው በሽማግሌ ብቻ ተፈጽሞ፣ አራት ልጅ ወልደው፣ አንድም የጋብቻ ወረቀት የሌላቸው ባልና ሚስትም ብዙ ናቸው። ሟች ባል ሲያገኝ ከነበረው አበል ለሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል፤ ይህን ለማግኘት ግን ሚስት መሆንን ማስረዳት ያስፈልጋል። ከቀብር በኋላ ባለው ሳምንት ምስክር እየሰበሰቡ ፍርድ ቤት መመላለስ ለማንም እናት አይመኙትም። አባት በሕይወት እያለ ሁለቱን ይዞ ሄዶ ማስመዝገብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቤት ስትሄዱ አባታችሁን ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሳይሆን ፋይሉ ላይ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁት። ሬዲዮ ሊከፍት ይችላል፤ ሬዲዮውን ዝጉና እንደገና ጠይቁት። ፋይሉ 57 ካለ፣ ሦስቱ ዓመት መቆጠር ጀምሯል።